አያ ማረው እና ሜዳ የማትወደው መኪናው

ባለፈው ኅዳር ለዘይት መጭመቂያችን ሰሊጥ ልገዛ ከጎንደር ወደ መተማ ወርጄ ነበር። ጠዋት ነው። ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሜ ሴቶቹ በሰፌድ የሚያበጥሩትን ሰሊጥ እያየሁ ሳለ፣ ከኋላዬ አንድ አሮጌ የናፍታ መኪና ለመነሳት መታገል ጀመረ። አጉረመረመ፣ ሳል አነቀው፣ ዝም አለ፤ እንደገና ሞከረና ወፍራም ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ያ በቅጡ ያልነደደ የናፍታ ሽታ ከሰሊጡ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሲደርሰኝ፣ ለመቅመስ የዘገንሁት ሰሊጥ በጣቶቼ መሀል ፈሶ አለቀ። ሻጩ «ምነው፣ አልወደድሽውም?» አለኝ። ሰሊጡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ከእሱ ጋር አልነበርሁም። ድንበሩን ተሻግሬ፣ ዶካን አልፌ፣ ገዳሪፍ ገብቼ፣ በልጅነት ቤታችን አጥር ሥር የአያ ማረውን መኪና እየጠበቅሁ ነበር።

ሰፈራችን የገዳሪፍ እህል ገበያ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ነበር። ሱዳኖቹ ቁጥያ የሚሏቸው ክብ የሣር ቤቶች ተጠጋግተው በእሾህ አጥር ተከበዋል፤ በየደጃፉ በዳስ ጥላ ሥር የውሃ ጋን ቆሞ ቀኑን ሙሉ ላብ ያንጠባጥባል። አብዛኞቻችን ከጎንደር ቆላ የመጣን ነን፤ ትግርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶችም ነበሩን፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ በአማርኛ የጀመርነውን በአረብኛ እንጨርሳለን። አባቴ ለአጨዳ መጥቶ፣ ገና እኔ በእናቴ ጀርባ ሳለሁ፣ በወባ ሞተ። እናቴ ጠጅቱ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። በእህል ገበያው ጆንያ እየሰፋች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደሳለኝን አሳደገችን። ማታ ስትመጣ ነጠላዋ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ ስታራግፈው የሚረግፈውን ፍሬ ከምንጣፉ ላይ እየለቀምሁ እበላ ነበር።

አያ ማረው ከእኛ ቀጥሎ ባለው ግቢ ብቻውን ይኖር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ ዘመን ሞተር ላይ ከማጎንበስ የተነሳ ትከሻው ወደፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የአንገቱ ማተብ በግሪስ ጠቁሮ ከቆዳው አይለይም። ወታደር ቤት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥና ጓዶቹ ሲበተኑ እሱም በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ቀረ። ሥራው ትራክተር ለተበላሸባቸው እርሻዎች መካኒክና መለዋወጫ ማመላለስ ነበር። ሱዳኖቹ «ኡስታ ማረው» ይሉታል፤ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ለእኛ ግን አያ ማረው ነበር፣ የመኪናው ሰውዬ።

መኪናዋ አንድ የእርዳታ ድርጅት አገር ለቆ ሲሄድ ጥሏት የሄደች ጂፕ ነበረች። በጨረታ ሲገዛት ሞተር አልነበራትም አሉ። ሞተሩን ከተጣለ ጭነት መኪና አምጥቶ ገጠመላት፤ አንዱን በር ከሌላ መኪና አመጣ፤ እሱ ሰማያዊ ነው። ሌላው አካሏ ነጭ እንደነበር የሚታወቀው ከውስጥ ብቻ ነው፤ ከውጭ የወተት ሻይ መስላ ነበር። የኋላ መስኮቶቿ እንዳይወርዱ በእንጨት ሽብልቅ ተይዘዋል። ወንበሯ ላይ የተነጠፈው የበግ ቆዳ፣ ያ የናፍታ፣ የላብና የአቧራ ሽታው፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ጉንጬን የሚኮሰኩሰኝ ይመስለኛል።

የዚያች መኪና ትልቁ ችግሯ ባትሪ አለመያዟ ነው። የገዳሪፍ ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ አያ ማረውም አዲስ መግዛት ሰልችቶት በሌላ መላ ይኖር ነበር። በደጁ ላይ አፈር ከምሮ፣ በድንጋይ ደልድሎ፣ የመኪና ቁመት የሚያህል ጉብታ ሠርቷል። ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደታች አድርጎ እዚያ ላይ ያቆማታል። ጠዋት ፍሬኗን ይለቅና በዝምታ ትንሸራተታለች። የሰፈር ልጆች ተሳፍረን የምንጠብቀው ያንን ዝምታ ነበር። ጎማው ጠጠሩን ሲጨፈልቅ ብቻ ይሰማል፤ አያ ማረው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ማርሹን አስገብቶ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ሲያነሳ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ ትነቃለች። ዶሮዎች ይበተናሉ፣ ጭሱ አጥሩን ይሸፍናል፣ እኛ እንጮሃለን። ታዲያ ገዳሪፍ ሜዳ አገር ነው። ሜዳ ላይ ሞተሯን ካጠፋት ገፍቶ የሚያስነሳት ሰው መፈለግ አለበት። ስለዚህ ሜዳ ላይ አያጠፋትም። ገበያም ሲገባ፣ ምሳም ሲበላ፣ መኪናዋ ደጅ ላይ እየተንተከተከች ትጠብቀዋለች።

ደሳለኝ ለአጨዳ የሄደው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ገና ጢም እያቀመቀመ ነበር፤ ሳሉግ ከምንላቸው የወቅት ሠራተኞች ጋር ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በጭነት መኪና ወደ ሀዋታ ሄደ። ሰሊጡ ታጭዶ ሲያልቅ አብረውት የሄዱት ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። አንዱ «ከትራክተር ነጂ ጋር ወደ ሌላ እርሻ ሄደ» አለ። ሌላው «ትኩሳት ይዞት ነበር መሰለኝ» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ ብትሄድም እጇ አልሠራ አለ። ምግብ ታቀርብልኝና እሷ አትነካም። በር ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያ ማረው በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«የደሳለኝ እናት፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን» አላት። እንዲህ ነበር የሚጠራት።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ልጁ ወዳለበት።»

«የት እንዳለ ሳናውቅ? መኪናዋስ ትችለዋለች፣ አያ ማረው?»

«ብቻዋን አትችለውም» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔና እሷ ግን ተጋግዘን እንችለዋለን።»

እኔን የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበረ አብሬ ሄድሁ። ከኋላ፣ በውሃ ጄሪካንና በናፍታ በርሜል መሀል፣ የበግ ቆዳው ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ ከፊት ሆና ከእህል ገበያ የማይለያትን ትልቁን የጆንያ መርፌ ቀሚሷ ላይ ሰክታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ነበር።

የሀዋታ መንገድ መንገድ አይባልም። ክረምት የታረሰው ዋልካ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ጎማ ይውጣል። የጭነት መኪኖች በጭቃው ጊዜ ያወጡት ቦይ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ግራና ቀኝ የታጨደ ማሽላ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ ሰማይና ሜዳ ብቻ። አያ ማረው ግን በዚያ ሜዳ ውስጥ ማንም የማያየውን ቁልቁለት ሁሉ ያውቅ ነበር። ሞተሯ ማንኮራፋት ስትጀምር ጆሮውን አቆመ። «ቆሻሻ ጠጥታለች» አለ። ወዲያው መሪውን አዙሮ ገበሬዎች ውሃ ለማቆር የከመሩት የአፈር ግድብ ላይ አወጣት፤ ሞተሯ እዚያ ላይ ጠፋች። ኮፈኑን ከፍቶ የናፍታ ማጣሪያውን ፈታ፤ ውስጡ ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶታል። አጥቦ መለሰና በትንሿ የእጅ ፓምፕ ናፍታውን ይስብ ጀመር። መጀመሪያ አረፋ ወጣ። እሱ አልቸኮለም፤ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍታ እስኪወርድ ድረስ እያየ ጠበቀ። እናቴ በጭንቀት ትመላለሳለች።

«አየር ከገባባት አትነሳም» አላት ቀና ሳይል። «እንደ ሰው ናት፤ ልቧ ላይ ያለው ሳይወጣላት አትሄድም።»

እናቴ ያኔ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ልጇ ከጠፋ ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እሱም ፓምፑን መጫን አላቆመም፣ ዞሮም አላያትም። አልቅሳ ስትጨርስ ኮፈኑን ዘጋው። ከግድቡ ላይ ተንሸራተን ወረድን፤ መኪናዋ ተነሳች።

ሀዋታ ስንደርስ ያገኘነው የእርሻ ወኪል፣ ከአጨዳው የቀሩት ልጆች ከትራክተሮቹ ጋር ወደ ዶካ ማዶ እንደተሻገሩ ነገረን። አያ ማረው እዚያው አንድ ጉብታ ላይ አጥፍቷት፣ ያለቀውን ቺንጋ በያዘው ትርፍ ቀየረ፤ ማራገቢያውን የሚያሽከረክረውና ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ ነው። «አሁን ሌላ የለንም፤ ይችን አደራ» አላት ለመኪናዋ፣ ለሰው እንደሚናገር። ወደ ዶካ በሚወስደው ሜዳ ላይ ደግሞ የኋላው ባሌስትራ፣ አካሏን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ተሰበረ፤ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ዘመመች። እሱ ክሪኩን አስገብቶ አነሳት፣ የግራር ጉማጅ ቆርጦ ከስብራቱ ጋር አጋጠመና በገመድ ጠፍሮ አሰረው፤ የተሰበረ እግር እንደሚያስር ወጌሻ። ሞተሯ ይህን ሁሉ ጊዜ እየሠራች ነው። ከዚያ ወዲህ በየጉድጓዱ ላይ ገመዱ ሲያንቋርር እየሰማን፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳንፈጥን፣ ዶካ ገባን።

ወሬውን ያገኘነው ዶካ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው። ከስደተኞች ጣቢያ መጥታ የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ትግርኛ ተናጋሪ ሴት፣ እናቴ ልጇን ስታጠያይቅ ሰምታ ትኩር ብላ አየቻት። በተሰባበረ አማርኛ «ልጅሽ አፍንጫው ያንቺ ነው?» አለቻት። ከፋሽጋ በኩል የመጡ ሠራተኞች፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ሆዱ ያበጠ አንድ የሐበሻ ልጅ ከወንዙ ማዶ ባለ እርሻ ላይ ትተው እንደመጡ ሲያወሩ ሰምታለች። እናቴ ቆማ መስማት አቃታት፤ ሴትዮዋ ደግፋ አስቀመጠቻትና እንቁላል ልጣ በግድ አጎረሰቻት። ከገዳሪፍ ከወጣን ወዲህ እናቴ ስትበላ ያየሁት ያኔ ነው።

የአትባራን ወንዝ የተሻገርነው በብረት ታንኳ ነበር። ታንኳዪቱ ሰፊ ጠፍጣፋ ናት፣ መኪና ትጭናለች። ባለታንኳው ሱዳናዊ ከሩቅ ሲያየን እጁን እያወናጨፈ «ሞተሩን አጥፋ! ጠፍቶ ነው የሚጫነው!» ብሎ ጮኸ።

«ካጠፋሁት እዚህ ታንኳህ ላይ አብረን ልንኖር ነው» አለው አያ ማረው በአረብኛ። «አግብተሃል?»

«አግብቻለሁ።»

«እንግዲያው ሚስትህ አትወደንም፤ ይብራ ተወው።»

ባለታንኳው ሳቀ፣ ሰውም ሳቀ። ሞተሩ እየበራ ተሻገርን። ቡናማው ውሃ ታንኳዪቱን እየላሰ ሲያልፍ፣ እናቴ ሳትሰማቸው ማዶውን ብቻ ታይ ነበር።

ደሳለኝን ያገኘነው የሰሊጥ ነዶ ከተከመረበት አጠገብ በተሠራች ዳስ ውስጥ፣ በገመድ አልጋ ላይ ነው። አላወቅሁትም። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል፤ ሆዱ በጣፊያው እብጠት ተወጥሯል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ሽበታም የእርሻ ጠባቂ ተቀምጦ ወተት በማንኪያ ያጠጣዋል። ሌሎቹ ሲሄዱ ያልሄደ እሱ ብቻ ነበር፤ ስሙ ኢድሪስ ነው፤ ሰው ሁሉ «ዓም»፣ አጎት፣ ይለዋል። እናቴን ሲያይ ብድግ አለና ማንኪያውን ሰጣት። «ልጅሽ ሁልጊዜ ይጠራሻል» አላት። «እኔም ትመጣለች እለዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ውሸታም አላደረግሽኝም።» እናቴ የሽማግሌውን እጅ ስማ ልትለቀው አልቻለችም። አያ ማረው የደሳለኝን ግንባር ዳሰሰ፣ ሆዱን በቀስታ ነካው። «ካላዛር ነው» አለ። «ወታደር ቤት አይቸዋለሁ። መርፌው ገዳሪፍ ሆስፒታል አለ፤ አሁኑኑ እንሂድ።» አንድ ሰከንድ እንኳ አላረፍንም፤ መኪናዋ ደጅ ላይ እየተንተከተከች ነበር።

ወንዙን መልሰን ተሻግረን፣ ዶካ ገና ሳይታየን፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር እንደ ጅራፍ ጮኸ። ቺንጋው ተበጠሰ። ወዲያው የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረች። አያ ማረው ግራና ቀኝ አየ። ጉብታ የለም፣ ግድብ የለም፣ እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ድርቅ ያለ ሜዳ ነው። ካላጠፋት ሞተሯ ይቃጠላል፤ ካጠፋት አትነሳም። ለትንሽ ጊዜ እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከዚያ አጠፋት። ከገዳሪፍ ከወጣን ጀምሮ ጆሯችን የለመደው ድምፅ ሲቆም የመጣውን ጸጥታ አልረሳውም። የደሳለኝ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

አያ ማረው የተበጠሰውን ላስቲክ ይዞ ወረደ። ገመድ አወጣና ለካው፤ ገመዱ ቀጭን ነው፣ ይሾልካል። የመኪናውን የዕቃ ሳጥን በረበረ። ከዚያ ባዶ እጁን ይዞ ቆመ። ተስፋ ቆርጦ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ጀርባዋን ሰጠችን። መቀነቷን ፈታች። ወፍራም የጥጥ መቀነት ነበር፤ የእናቷ እጅ የፈተለው፣ ከአገሯ ስትወጣ የታጠቀችው። «ይሄ ይሆናል?» አለችው። አያ ማረው መቀነቱን አየና ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ከዚያ በሁለት እጁ ተቀበላት። «ከሰፋሽው ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። እሱ ልኩን እየያዘ፣ እሷ ደራርባ እያጠፈችና እየጠመዘዘች፣ በጆንያ መርፌዋና በሲባጎ ጫፉን ከጫፍ ሰፋችው፤ ሽንጧን በነጠላዋ ጠምጥማ፣ ከኮፈኑ ሥር ራሳቸው ሊጋጭ ደርሶ። አንዴ ብቻ «ጠበቅ አድርጊው» ሲላት ሰማሁ፤ እሷም «እሽ» አለችው። ልጅ ብሆንም፣ አንድ የማይነገር ነገር ፊት የቆምሁ መስሎኝ ፊቴን ወደ ደሳለኝ አዞርሁ።

የሚገፋን ሰው ግን አልነበረም። እናቴ ትከሻዋን ለኋላው በር ሰጥታ ገፋች፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ያኔ ነው ከማሽላው ማዶ፣ ማጭዳቸውን አንጠልጥለው የሚሄዱ ሳሉጎች ያየነው። እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች «ኧረ የአገሬ ልጆች!» ብላ ጮኸች። እየሮጡ መጡ። አንዱ፣ ፊቱ አቧራ የለበሰ ጎረምሳ፣ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና «ደሳለኝ አይደለም እንዴ?» አለ። ማጭዳቸውን ጥለው ተደረደሩ። «በርቱ!» አለ አያ ማረው ከመሪው። ዋልካው በእግራቸው ሥር ተፈርክሶ አቧራው ሸፈናቸው። መኪናዋ ተጎተተች፣ ተንገዳገደች፣ አነጠሰች፣ ተነሳች። አያ ማረው ለማመስገን እንኳ መቆም አልቻለም፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ነዳ። ጎረምሳው ከጎናችን እየሮጠ የራሱን የውሃ ጄሪካን በመስኮት ወረወረልን።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። መቀነቱ እንዳይቃጠል በዝግታ ነው የምንሄደው። አያ ማረው የሞተሩ ሙቀት እንዲቀንስ ብሎ፣ ለብርድ አገር የተሠራውን የመኪናዋን ማሞቂያ ከፈተው፤ እሳት የመሰለ አየር ወደ እኛ መጣ። እናቴና አያ ማረው በላብ ተነከሩ፤ እኔ ትንፋሽ አጠረኝ። ደሳለኝ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀጥቀጡን ትቶ እናቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አያ ማረው በመስታወቱ አየው። «ለእሱ ደህና ሆነለት» አለ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ይሸተን ነበር። እናቴ ለራሷ እንደምትናገር፣ በቀስታ፣ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለች ትለምናለች፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም፣ እግዚአብሔርን ይሁን መቀነቷን።

ዶካ ስንገባ መቀነቱ ተበልቶ ክር ሆኖ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከራሱ ትርፍ ቺንጋ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ አስፋልት ነው። ገዳሪፍ ሆስፒታል ግቢ ስንደርስ አያ ማረው ደሳለኝን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ውስጥ ይዞት ገባ። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ ሞተሯ እየሠራች ነው። ብዙ ቆይቶ ብቻውን ተመልሶ መጣ። «ተኝቷል፤ መድኃኒት ጀምረውለታል» አለኝ። መሪው ላይ ተቀመጠ፤ የሆስፒታሉን ጠፍጣፋ ግቢ አየ። ከዚያ ቁልፉን አዙሮ አጠፋት። እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱን እጁን ወሰድሁና በሁለት እጄ ያዝሁት። አልከለከለኝም።

ደሳለኝ ዳነ። ከዳነም በኋላ ከአያ ማረው አልተለየም፤ ሙያውን ይማር ጀመር። እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በአንድ ግቢ የምንኖር ያህል ሆንን። በአጥሩ መሀል የነበረው ቀዳዳ በር ሆነ። እናቴ ስትጋግር የእሱን ድርሻ ትልካለች፤ እሱ የኛን ጣሪያ ሣር ይቀይራል፣ ውሃ ያመላልሳል። አመሻሽ ላይ በዳሱ ሥር፣ በመሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው፣ ይቀመጣሉ። እኔ ያንን ቦታ እየገባሁ እቀመጥበት ነበር። አባት ማለት ይህ ነው ብዬ ለጓደኞቼ በአረብኛ እነግራቸው ነበር።

አንድ ጊዜ እናቴ ስትጠይቀው ሰማሁ። «አገርዎ አይናፍቅዎትም?»

«ጎንደር ላይ እኔ ሞቻለሁ» አላት። «አብሮኝ የነበረው ጓዴ ማረው ሞተ ብሎ ነግሯቸው፣ ተዝካሬም ተበልቷል። ሚስቴ፣ በቁርባን ያገባኋት፣ ደግ ሰው አግብታለች። ልጆቼ እሱን አባባ ይላሉ። አሁን ብመለስ የማፈርሰው የእነሱን ቤት ነው።»

ዛሬ ነው የገባኝ፤ ያ መልስ የተጠየቀውን ብቻ አልነበረም የመለሰው። ሚስቱ በሕይወት እያለች ሌላ ትዳር የማይታሰብለት፣ ማተቡን የማይበጥስ ሰው መሆኑን ነው የነገራት። እሷም ያንን እንዲጥስላት የምትሻ ሴት አልነበረችም።

ፊደል እንድማር ብላ፣ አጎቴ አዘዞ ላይ ቤት ስላገኘልን፣ እናቴ ልትመለስ ወሰነች። ደሳለኝ ከአያ ማረው ጋር ልቅር አለ። አያ ማረው በዚያችው መኪና እስከ ገላባት አደረሰን። መንገዱን ሁሉ ስለ ሞተሩ ሲያወራ ነበር፤ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጎማዎቹ፣ ስለማይረባው ፍሬን። የድንበሩ ድልድይ ጋ ሲደርስ ወሬውን ሳይጨርስ ወረደ። ጓዛችንን አወረደ። እኔን አንስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ጢሙ ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። እናቴ እጁን ያዘችው፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሚገባው በላይ ያዘችው።

«ይምጡ እንግዲህ» አለችው፣ የማይሆን መሆኑን እያወቀች።

«ልጁን እጠብቅልሻለሁ» አላት።

ድልድዩን ተሻግረን ዞር ስንል እዚያው ቆሞ ነበር። ሞተሯ እየሠራች፣ እሱ ሰማያዊው በር ላይ ተደግፎ። እናቴ ሁለተኛ አልዞረችም። እኔ ግን ጭሱ እስኪጠፋኝ ድረስ ዞሬ ዞሬ አየሁ።

ያልተመለሰ ሰው መናፈቅ እንዲህ ነው፤ ትልልቁን ነገር አይደለም የምትናፍቀው። ያንን የጠዋት ዝምታ፣ የበግ ቆዳውን፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ግንባሩ ላይ የሚወጣውን መስመር ነው። አዘዞ ላይ ፊደሉን ቆጠርሁ፣ ተማርሁ፣ አገባሁ። ደሳለኝ አልፎ አልፎ ይደውላል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ደውሎ «እናታችንን አቅርቢልኝ» አለ። አያ ማረው ከምሳ በኋላ ዳሱ ሥር ጋደም እንዳለ አልነቃም። ገዳሪፍ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀበሩት። እናቴ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ጥቁር ቀሚስ አወጣች። ጎረቤቶች «ማን ሞተብሽ፣ ጠጅቱ?» ብለው ሲጠይቋት «ወንድሜ» አለች። ሐዘኑንም እንደ ወንድም ሐዘን ጨረሰችው።

የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ደሳለኝ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። መኪናዋን ናፍታ ስለጠፋ ገዳሪፍ ትቷት መጣ። ልጁ ሲመጣ አማርኛው ከአረብኛ ጋር የተቀላቀለ፣ ሰው የማይፈራ፣ ኳስ ወዳድ ሆኖ ነው ያገኘነው። አባቱ በሰውዬው ስም ማረው ብሎ አውጥቶለታል። አሁን አመሻሽ ላይ ከኳስ ሜዳ በጊዜ አይመለስም፤ እናቴ፣ እርጅናዋ ከቤት የማያስወጣት ሴት፣ ምርኩዟን ይዛ በሩ ላይ ትወጣለች። ገዳሪፍ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያንን ስም አንድ ቀን እንኳ «አያ» ሳትል አልጠራችውም፤ እሱ በሌለበትም፣ ከእኔ ጋር ብቻዋን ስትሆንም። አሁን ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «ማረው! ማረው! ና ግባ፣ መሸ!» ትላለች። ልጁ ሮጦ መጥቶ ቀሚሷን ይዞ አጠገቧ ከቆመም በኋላ፣ አንዳንድ ቀን፣ መንገዱን እያየች አንድ ጊዜ ትደግመዋለች።